የታሰረ ውሃ

ሪሀና ኸይሩ ከሶዶ ወደ ተበላ ከተማ በሚወርደው ሚኒባስ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣ፣ ሦስት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስና አንድ እሽግ መጠይቅ ጭኗ ላይ አቅፋለች። የጥቅምት ጠዋት ነው። በዚያች ሰዓት የጠየቃት ሰው ቢኖር፣ ከተበላ ወዲያ ባለችው መንደር የሚገኘው የእጅ ፓምፕ ከሃያ አንድ ቀን በፊት በሰንሰለት የታሰረው በእሷ ምክንያት መሆኑን ሳታፍር ትነግረው ነበር። እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ፊቷ ላይ ሳይታይ አይቀርም ነበር።

ሪሀና የጅምላ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው ሶዶ የከተሙ ሰው ሲሆኑ፣ እሷ ግን እዚያው ተወልዳ በወላይትኛ አፏን የፈታችው ከሰፈር ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ነው። ሻንቶ ከተማ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ካስተማረች በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰች። የመመረቂያ ጥናቷ በሁምቦ ወረዳ የቆላ ጉድጓዶች ውስጥ ስላለው ፍሎራይድ ነበር። ፍሎራይድ ጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከአንድ ተኩል ሚሊ ግራም ሲያልፍ ግን የሕፃናትን ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛና ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንት እስከማጉበጥ ይደርሳል። ሪሀና በቀደሙት ጉዞዎቿ ሁለትም ሦስትም የሚያሳዩ ጉድጓዶች አግኝታለች። የዚያች መንደር ውሃ ግን ስምንት ነጥብ ሰባት አሳየ።

ቁጥሩን ስታይ መቀመጥ አቃታት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የተቀዱ ሦስት ጠርሙሶች ነበሩ፤ ሦስቱንም ለካቻቸው፤ ሦስቱም ተስማሙ። «ሰው መርዝ እየጠጣ እኔ ወረቀት ሳሳምር ልቀመጥ?» አለች ለራሷ። በማግስቱ ለወረዳው የውሃ ቢሮ ደብዳቤ ጻፈች፤ አማካሪዋ ዶክተር ቦጋለም ፈረሙበት። በሳምንቱ ፓምፑ ታሰረ።

ዛሬ የምትሄደው የልጆቹን ጥርስ አይታ ለመመዝገብና ውሃውን እንደገና ለመቅዳት ነው። የመመረቂያ ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ተበላ ላይ ባርኮት ጠበቃት። ባርኮት የወረዳው የውሃ ቴክኒሽያን ነው፤ የፓምፑ ቁልፍ የሚገኘው በእሱ እጅ ነው። በሞተር ሳይክሉ አፈናጧት የአቧራውን መንገድ ይዞ ሲነጉድ፣ መንደሩ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች ተደርድረው ከወንዙ ሲመጡ አገኟቸው። ከመካከላቸው አንዷ ሽታዬ ነበረች። ሪሀና ባለፈው ውሃውን ስትቀዳ ጃንጥላ ይዛላት የዋለች፣ ሳቂታ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ዛሬ ግን ሳቁ የለም።

«ሳሮ፣ ሽታዬ!» ብላ ሪሀና ከሞተሩ ወርዳ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጠቻት። «ደህና ናችሁ?»

«አለን» አለች ሽታዬ ጀሪካኑን ሳታወርድ። «ትንሿ ልጄ ተበላ ጤና ጣቢያ ተኝታለች። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ተቅማጥ።»

ሪሀና ደነገጠች። «ከምን መጣባት?»

«ከምን ይመጣል? ከወንዙ ነው አሉ። እናንተ ያንኛው መርዝ ነው አላችሁን፣ ይሄኛው ደግሞ ቆሻሻ ነው ይሉናል።»

«አፍልታችሁ ጠጡ ተብላችሁ የለ?»

«እንጨቱንስ አንቺ ታመጪልኛለሽ?» አለችና ሽታዬ አለፈቻት።

ፓምፑ ዘንድ ሲደርሱ ባርኮት ቁልፉን ከፈተ። እጀታውን ጥቂት ገፋ ገፋ ሲያደርገው ውሃው ቀዝቅዞና ጠርቶ ተንዶለዶለ። ሪሀና ጠርሙሶቿን አጥባ ሞላች። የሞላችው ሦስት ጠርሙስ፣ በጠቅላላ ለአንድ ሰው የሚበቃ ውሃ ነበር። ከዚያ ባርኮት ሰንሰለቱን መልሶ ጠመጠመ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እንዳዘሉ ቆመው አዩ።

«ለጠርሙስ ይከፈታል፣ ለሰው ይዘጋል» አለች አንዷ።

ሪሀና አንገቷን ደፍታ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄደች። አቶ ቶማ እዚያ ነበሩ። አቶ ቶማ የምእመናኑ ሽማግሌና የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ጉድጓዱ የተቆፈረው በእሳቸው ውትወታና በምእመናኑ ጉልበት ነው። በሰላምታቸው ቂም የለም፤ ግን እንደ ድሮው ረጅም አልነበረም። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ከቃጫ ገመድ መረብ ሠርተው መረብ ኳስ እየተጫወቱ ነው።

«ጥርሳቸውን ልይላቸው አባቴ» አለች ሪሀና። «ከስምንት ዓመት በላይ የሆኑትን።»

አቶ ቶማ ጠሯቸው፤ ልጆቹ እየተገፋፉ ተሰለፉ። የመጀመሪያዋ አሥራ አንድ ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች። አፏን ከፈተች። ነጭ። ቀጣዩ መጣ። ነጭ። ሦስተኛዋ የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሸርፏል፤ ዛፍ ላይ ስትንጠለጠል ወድቃ ነው፤ ቀለሙ ግን እንደ ወተት። ሪሀና አሥራ አራት ልጆች አየች። አንድ የበለዘ ጥርስ አላገኘችም።

እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ቀረ። ሦስት ሚሊ ግራም በሚያሳየው ጉድጓድ አካባቢ ያሉ ልጆች፣ ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው እንደሚሸፍኑ አይታለች። እነዚህ ግን አፋቸውን እስከ ላንቃቸው ከፍተው ይሳሳቃሉ።

«አባቴ፣ ጉድጓዱ ከተቆፈረ ስንት ዓመት ሆነው?»

«አሥራ ሁለት ሞላው።»

«እነዚህ ልጆች ከዚያ በፊት ውሃ የሚጠጡት ከየት ነበር?»

አቶ ቶማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ከዚያ በፊት መች ተወለዱና፣ ልጄ?»

ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ የሚጠጡት ይህንኑ ውሃ ነው። ያ የውሃው ቁጥር እውነት ቢሆን ኖሮ ይህ ጥርስ ሊኖር አይችልም ነበር። ጥርሱ ደግሞ እዚሁ ፊት ለፊቷ ነው፤ በዓይኗ አይታዋለች። እንግዲህ የሚዋሸው ቁጥሩ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን የሠራው ማን ነው? መጠይቁን ሳትጨርስ ተነሣች። አቶ ቶማን ተሰናብታ ወደ ባርኮት ሞተር ተመለሰች።

ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ነበረች። ወይዘሮ አገርነሽ የላቦራቶሪው ቴክኒሽያን ናቸው፤ ዲግሪ የላቸውም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ግን እዚያው ብልቃጥ ሲያጥቡ፣ ማሽን ሲያስተካክሉ፣ ተማሪ ሲቆጡ ኖረዋል። የማስተርስ ተማሪ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው።

«እትዬ፣ ልጆቹ ጥርሳቸው ነጭ ነው» አለች ሪሀና ቦርሳዋን ሳታወርድ።

እትዬ አገርነሽ ጓንታቸውን አወለቁ። «ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

ማልቀሷን ያወቀችው ያኔ ነው። ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሦስቱ ጠርሙሶች መስማማታቸውን ስትጠቅስ እትዬ አገርነሽ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ሦስት ምስክር ቢስማማ፣ ያስጠናቸው አንድ ውሸታም ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ስታንዳርድሽን የሠራሽው መቼ ነው?»

ስታንዳርድ የሚሉት የፍሎራይዱ መጠን አስቀድሞ የታወቀ ፈሳሽ ነው። ማሽኑ ለብቻው ምንም አያውቅም፤ የማይታወቀውን ውሃ ከታወቀው ፈሳሽ ጋር አስተያይቶ ነው የሚናገረው። ሪሀና የላቦራቶሪ ደብተሯን አውጥታ ገለጠች። ለቀደሙት ጉድጓዶች የተጠቀመችበት ስታንዳርድ አልቆባት፣ ለዚያች መንደር ውሃ ብላ አዲስ ሠርታ ነበር። የመዘነችው ዱቄት በመቶ ሚሊ ሊትር መለኪያ ብልቃጥ ለሚሟሟ ትክክል ነው። ከሥሩ በራሷ እጅ የተጻፈው ግን «በ1000 ሚሊ ሊትር ፍላስክ» ይላል።

«የመቶው ፍላስክ የት ሄዶ ነው?» አሉ እትዬ አገርነሽ።

ያ ቀን ተመልሶ መጣባት። የመቶ ሚሊ ሊትሩን ፍላስክ ሌላ ተማሪ ይዞት ነበር። ቸኩላ ነበር። ትልቁን አንሥታ «ዱቄቱን አሥር እጥፍ አደርገዋለሁ» ብላ አሰበች፤ በመካከል ስልክ ተደወለላት፤ ከስልኩ መልስ ዱቄቱን እንዳለ ጨምራ እስከ ጫፉ ውሃ ሞላች። ጠርሙሱ ላይ በሊትር መቶ ሚሊ ግራም ብላ የለጠፈችበት ፈሳሽ በእርግጥ የያዘው አሥር ብቻ ነበር።

እትዬ አገርነሽ የራሳቸውን የቆየ ደብተር ከመሳቢያ አወጡ። ማሽኑ በተነካ ቁጥር ያሳየውን ንባብ ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ማንም አዟቸው አይደለም። በጣታቸው ወደ ታች እየተከተሉ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ይኸውልሽ። በዚያን ቀን ንባቡ ዘሏል። እኔ ለዘመድ ቀብር ሄጄ ነበር እንጂ ባየው ዝም አልልሽም ነበር።»

«ስለዚህ ውሃው…»

«አካፍዪው በአሥር።»

ዜሮ ነጥብ ስምንት ሰባት። ንጹሕ ውሃ። ለልጅ ጥርስ የሚስማማ፣ ምንም እንከን የማይወጣለት ውሃ። ሪሀና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መንደሩ መርዝ ጠጥቶ አያውቅም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልተጎዳም። ይህ ሐሳብ ከደረቷ ላይ ድንጋይ ያነሣላት መሰላት፤ ወዲያው ደግሞ የሽታዬ ልጅ ትዝ አለቻትና ድንጋዩ ተመልሶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ዶክተር ቦጋለ ቢሮ ገባች። ዶክተር ቦጋለ ቁጥብ፣ ሲናገሩ ቃላቸውን እንደ መድኃኒት የሚመጥኑ ሰው ናቸው። ደብተሩን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግታ፣ ቆማ፣ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አጠለቁት።

«ይህን ማን ያውቃል?»

ሪሀና ደብቂው ሊሏት መስሏት ነበር። «እኔ፣ እትዬ አገርነሽ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ።»

«የሚጠጡት ሰዎች ግን አያውቁም። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል» አሉ። ከዚያ ደብተሩን ወደ ራሳቸው ስበው፣ «ደብዳቤው ላይ የእኔም ፊርማ አለበት። ሌላ ሰው ደግሞ ሳይለካው መፈረም አልነበረብኝም። ስህተቱን ለብቻሽ አትሸከሚውም» አሏት።

«ጥናቱስ?»

«በወር ይራዘማል። ይህ ስህተት ደግሞ ከነአመጣጡ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ይገባል። አሁን ግን መጀመሪያ እርግጠኛ እንሁን፤ ሁለተኛ ጊዜ አናስቸግራቸውም።»

እርግጠኛ የሆኑት እንዲህ ነው። ዶክተር ቦጋለ አሮጌዎቹን ሦስት ጠርሙሶችና አዲሶቹን ሦስት ስማቸውን ልጠው ቁጥር ብቻ ጻፉባቸው። መጠኑን እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ሁለት ፈሳሽም ከመካከላቸው ቀላቀሉ። እትዬ አገርነሽ አዲስ ስታንዳርድ በእጃቸው ሠርተው፣ የትኛው የምን እንደሆነ ሳያውቁ ስምንቱንም ለኩ። ሪሀና ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ዋለች፤ እንዳትገባ ተከልክላለች። አሥር ሰዓት አካባቢ በሩ ተከፈተ።

«ነይ ግቢ» አሉ እትዬ አገርነሽ። «የዶክተሩ ሁለቱ ፈሳሾች ልክ ሆነው መጥተዋል። የመንደሩ ስድስቱም ከዜሮ ነጥብ ዘጠኝ በታች ናቸው። ውሃው ሰላም ነው።»

ሪሀና ተንደርድራ አቀፈቻቸው። «ተይ፣ አሲድ ነክቶኛል!» እያሉም አልለቀቋትም።

ቅዳሜ አዲሱን ደብዳቤ ይዛ ተበላ ወረደች። ባርኮት ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ለሕዝቡ ልታነቢላቸው ነው?»

«ነገ። ከአምልኮ በኋላ። አቶ ቶማ እሺ ብለውኛል።»

«ስሚኝማ፣ ለአንቺ ብዬ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክረምቱ ውሃውን አቅጥኖት ተስተካክሏል ብለን እንክፈተው። ማን ይጠይቃል? ደስ ብሏቸው ይቀዳሉ። የአንቺም የእኛም ስም ይተርፋል።»

ሪሀና ደብዳቤውን ከእጁ ተቀብላ አጠፈችው። እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቡ እንደ ጥላ ነበር፤ ሊያርፉበት የሚያስመኝ። ሰዉ ይቀዳል፣ እሷም ትመረቃለች፣ የሚጎዳ የለም። ከዚያ በሚቀጥለው ክረምት ማግስት ሴቶቹ ፓምፑ ዘንድ ቆመው «ዘንድሮስ መርዙ ተመልሶ ይሆን?» ሲባባሉ ታያት። ውሃውን ከነጥርጣሬው ልታስጠጣቸው ነው። ልጅ በታመመ ቁጥር ጉድጓዱን ሲከስሱ ሊኖሩ ነው።

«አይሆንም፣ ባርኮት» አለችው። «ቁልፉን ብቻ ይዘህ ና።»

እሑድ ምእመናኑ ከአዳራሹ ወጥተው ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሪሀና ሻሿን አስተካክላ፣ ከአቶ ቶማ ጎን ቆመች። ሌሊቱን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም ቃል አልመጣላትም። በወላይትኛ እንዲሁ ጀመረች።

«አባቴ ነጋዴ ነው። ሱቃችን ውስጥ ሚዛን አለ። የኪሎው ድንጋይ ቢሸራረፍና ቢቀል፣ የምትመዝኑበት እህል ሁሉ ከልኩ በላይ ከባድ ይመስላል፤ አይደለም?»

«ነው» አሉ ጥቂቶች።

«እኔ ውሃችሁን የመዘንኩበት ድንጋይ ቀላል ነበር። የሠራሁት እኔው ነኝ፤ በችኮላ። ስለዚህ በውሃው ውስጥ ያለው ነገር አሥር እጥፍ ሆኖ ታየኝ። ውሃችሁ መርዝ የለበትም። ዛሬም የለበትም፣ ድሮም አልነበረበትም። ክረምቱ አይደለም ያስተካከለው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ቀን ወንዝ ያወረድኳችሁ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

ከኋላ አንድ ሕፃን ሲያለቃቅስ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሽታዬ ተነሣች። ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላለች፤ ስታለቃቅስ የነበረችው ታማ የነበረችው ትንሿ ልጇ ናት። ሪሀና ልጅቷን ስታይ ትንፋሿ ተመለሰ። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ንቁ ነው፤ የእናቷን ነጠላ ጫፍ እያኘከች ነው።

«አርብ ነው ያስወጡልኝ» አለች ሽታዬ፣ የሪሀናን ዓይን ተከትላ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እኔ ተናድጃለሁ። በዚህ ጀርባ ልጅም ውሃም አዝያለሁ። ይቅርታ ስትል ሰማሁ፤ ግን ወገቤ ገና አልሰማም።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሪሀና አልሳቀችም።

አቶ ቶማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጄ፣ ባትነግሪን ኖሮ እናውቅ ነበር?»

«አታውቁም ነበር።»

«እንግዲህ ውሃውን ያሰረችብን እሷ ናት፤ የፈታችልንም እሷ ናት» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ሰው ይሳሳታል። ተሳሳትኩ ለማለት አምስት ቀን ብቻ የፈጀበት የተማረ ሰው ግን እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ይልቅ ባርኮት፣ ቁልፉ የታለ?»

ሰዉ ተግተልትሎ ወደ ፓምፑ ወረደ። ባርኮት ሰንሰለቱን ፈትቶ መሬት ላይ ጣለው። ሽታዬ ሰውን እየገፋች ቀድማ ደረሰች፤ ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር አስቀመጠች፤ ከዚያ ወደ ሪሀና ዞረች።

«ነይ ግፊ!»

«እ?»

«ግፊ እንጂ! የእኔ ወገብ ሃያ ስድስት ቀን ሠርቷል። የዛሬው የአንቺ ነው።»

ሪሀና ጫማዋን አወለቀች፣ የቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ እጀታውን ጨበጠች። የመጀመሪያው ውሃ ዝገት አዝሎ ወጣ፤ ቀጥሎ ጠራ። ጀሪካኑ ከመሙላቱ በፊት በመዳፏ ቀድታ በሁሉም ፊት ጠጣች። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጥርሷን እስኪያሳምማት። የሽታዬ ጀሪካን ሞላ። ሌላ ቀረበ። ያም ሞላ። ሰልፉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደርሷል። በአምስተኛው ላይ ክንዷ ተንቀጠቀጠ፤ ባርኮት ሊያግዛት ሲጠጋ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ተዋት!» ብለው ጮኹበት። በአሥራ አንደኛው ላይ መዳፏ ተላጠ። ያኔ ሽታዬ እየሳቀች መጥታ እጀታውን ከእጇ ነጠቀቻት። የድሮው ሳቋ ነበር።

«ይብቃ፤ ወገቤ ሰምቷል» አለች። «አሁን ቁጭ በይና ልጄን ያዢልኝ።»

ልጅቷን አስታቀፈቻት። ቀላል ናት፣ ሙቅ ናት። ሪሀና ጥላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አቀፈቻት፤ ልጅቷም ያለ ምንም ማንገራገር የሻሿን ጫፍ ይዛ ማኘክ ጀመረች። ከፊታቸው ሴቶቹ እርስ በርስ ውሃ እየተረጫጩ ነበር። አንዲት ባልቴት እግራቸውን በቧንቧው ሥር ዘርግተው «እንዲህ ነው እንጂ!» ይላሉ።

አቶ ቶማ ሸንኮራ አገዳ ይዘውላት መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። «ከወዲያኛው ሰፈር ሌላ ጉድጓድ አለ» አሉ ዝግ ብለው። «እዚያ ያሉ ልጆች ጥርስ እንደነዚህ አይደለም። አንድ ቀን ብታይልን?»

ሪሀና ቀና ብላ አየቻቸው። ገና ዛሬ፣ ገና አሁን፣ እንደገና ሊያምኗት ነው? ከዓይናቸው እንዳየችው የምራቸውን ነበር።

«አይላችኋለሁ» አለች። «ሁለት ሰው ይለካዋል። ከዚያ ነው የምነግራችሁ።»

ወደ ሶዶ የተመለሰችው በዘጠኝ ሰዓቱ ሚኒባስ ነው። መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ፣ የተላጠ መዳፏን ጭኗ ላይ ገልብጣ፣ ለእትዬ አገርነሽ ልትደውል ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ሳትነካው ራሷ ወደ መስታወቱ ዘመም አለ። የልጆቹን ጥርስ ካየችበት ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ዓይኗ በቅጡ አልተከደነም ነበር። መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ፣ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ፣ ሬዲዮው መዝሙር ሲለቅ እሷ አልሰማችም።

መናኸሪያ ደርሰው ተሳፋሪው ሁሉ ከወረደ በኋላ ረዳቱ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«እህቴ፣ ደርሰናል።»

«እሺ» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ሾፌሩ ዞር ብሎ አያት። «ተዋት ትንሽ» አለ። «ተራችን ገና ነው።»